ከ22 ወር በኋላ የመጣ ደም፦ በሆርሞን መድኃኒት ላይ ያለች የድሬዳዋ ታካሚ

ታካሚዋ 46 ዓመቷ ነው። ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ ጨርቅ ትነግዳለች፤ የአራት ልጆች እናት ናት። ማንነቷን የሚጠቁሙ ዝርዝሮችን ለውጠናል። ወደ ማህፀን ክፍል የመጣችው ስድስት ቀን ሙሉ አልቆም ባለ ደም ምክንያት ነው። ከዚያ በፊት ለ22 ወራት የወር አበባ አላየችም። በፌስታል ሦስት ወረቀት ይዛለች። አንደኛው የአልትራሳውንድ ውጤት ነው፤ የማህፀኗ የውስጥ ሽፋን 16 ሚሊ ሜትር መወፈሩንና በግራ ኦቫሪዋ (የእንቁላል ማፍሪያዋ) ላይ 5.2 ሴንቲ ሜትር ውሃ የቋጠረ ከረጢት መኖሩን ይናገራል። ሁለተኛው ደሙን ለማድረቅ የታዘዘ የሦስት ወር መርፌ፣ ማለትም ደፖ ነው። ሦስተኛው "ማህፀኑ ይውጣ" የሚል የሪፈር ወረቀት ነው። መርፌውን አልተወጋችም። የሄደችበት ፋርማሲ በዚያ ቀን ጨርሶ ነበር፤ እንደ ዕድል የሚቆጠር ነው።

የኋላ ታሪኳ ይህ ነው። በ44 ዓመቷ በቀኝ ጡቷ ላይ ሁለተኛ ደረጃ ካንሰር ተገኘ፤ ከብብቷ ከወጡት ንፍፊቶች ሁለቱ ላይ ደርሷል። ዕጢው የኢስትሮጅንና የፕሮጄስትሮን ተቀባይ አለው፣ ማለትም የሴት ሆርሞን ያሳድገዋል፤ ኸር-2 የተባለው ሌላው ተቀባይ የለውም። ጡቷ ወጣ፣ አራት ዙር ዶክሶሩቢሲንና ሳይክሎፎስፋማይድ፣ ቀጥሎም አራት ዙር ፓክሊታክሰል የተባሉ የኬሞ መድኃኒቶች ወሰደች፣ ጨረርም ተደረገላት። የወር አበባዋ በሦስተኛው የኬሞ ዙር ላይ ቆመ። ኬሞው ሲያበቃ በቀን አንድ ጊዜ 20 ሚሊ ግራም ታሞክሲፌን ተጀመረላትና 16 ወር ያህል ሳታቋርጥ ዋጠች።

ችግሩ የተወለደው ከዚህ በኋላ ነው። ታሞክሲፌኑ ከተማ ውስጥ ጠፋ። ሦስት ፋርማሲ ዞራ ስታጣ አንድ ክሊኒክ በምትኩ ሌትሮዞል 2.5 ሚሊ ግራም ጻፈላት። የክሊኒኩ አመክንዮ በወረቀት ላይ ሲታይ ስህተት አይመስልም፦ ሴትዮዋ ከአንድ ዓመት በላይ የወር አበባ አላየችም፣ ስለዚህ አርጣለች፤ ሌትሮዞል ደግሞ ያረጡ ሴቶች መድኃኒት ነው። የአንድ ዓመቱ ሕግ የሚሠራው ግን ወሩ በራሱ ጊዜ ለቆመ ሴት ነው። ኬሞ ኦቫሪን ሊገድለው ይችላል፣ ሊያስተኛውም ይችላል፤ ከውጭ ለሚያይ ሁለቱ አንድ ናቸው። ዕድሜዋ ከ60 በታች ሆኖ ኬሞ የወሰደች ወይም ታሞክሲፌን ላይ ያለች ሴት "አርጣለች" የምትባለው ደሟ ስለቆመ ብቻ አይደለም፤ በደም ምርመራ ኢስትራዲዮሏ (ዋናው ኢስትሮጅን) እና ኤፍኤስኤች የተባለው ኦቫሪን የሚቀሰቅስ ሆርሞኗ በማረጥ መጠን ላይ መሆናቸው ሲታይ ነው። ከ50 ዓመት በታች ላለች ሴት ኢስትራዲዮሉ አንድ ጊዜ ዝቅ ብሎ መገኘቱም አያስተማምንም፤ ምርመራው መደጋገም አለበት።

ሌትሮዞል በተኛ ኦቫሪ ላይ የሚያደርገውን ለመረዳት መድኃኒቱ በሌላ ክፍል ምን እንደሚሠራ ማስታወስ ይበቃል። መካንነት የሚያክሙ ሐኪሞች እንቁላል ለማስወጣት ይህንኑ እንክብል ለአምስት ቀን ይሰጣሉ። መድኃኒቱ የኢስትሮጅንን መመረት ሲቀንስ በአንጎል ሥር ያለው ፒቱታሪ "ኢስትሮጅን አነሰ" ብሎ ኦቫሪውን በኃይል ይቀሰቅሰዋል። በእርግጥ ያረጠች ሴት ኦቫሪ ቢቀሰቀስም የሚነሳ ነገር የለውም። የ46 ዓመቷ ታካሚ ግን ነበረው። ሌትሮዞል በጀመረች በአሥረኛው ሳምንት ደም መጣ፣ ከረጢትም ታየ። ይህ ማለት ካንሰሩ ኢስትሮጅን እንዳያገኝ በተሰጠ መድኃኒት ምክንያት ለአሥር ሳምንት ያህል ኢስትሮጅን እየተመረተ ነበር፤ ከደሙ ይልቅ የሚያሳስበውም ይኸኛው ነው።

ታካሚዋ ይዛ የመጣችው ከሁሉ የሚጠቅም ማስረጃ በሦስቱ ወረቀቶች ላይ አልነበረም። በቦርሳዋ የያዘችው ትንሽ የቀን መቁጠሪያ ነው። የደሟን ቀን የምትመዘግበው ለሐኪም ብላ አይደለም፤ ለሶላቷና ለጾሟ ነው። ሐይድ፣ ማለትም የወር አበባ ከሆነ ሶላት ይቆማል፣ የበሽታ ደም ከሆነ አይቆምም፤ ስለዚህ የተጀመረበትንና የቆመበትን ቀን፣ ጠብታ ይሁን ጎርፍ፣ በየቀኑ ምልክት ታደርጋለች። ለ22 ወራት ባዶ የነበረው ሰንጠረዥ በ9ኛው የሌትሮዞል ሳምንት ሁለት ነጥብ፣ በ10ኛው ስድስት መስመር ይዟል። "መቼ ጀመረ?" ተብላ ብቻ ብትጠየቅ "ሰሞኑን" ነበር መልሷ። በምሥራቁ አካባቢ የሚሠራ ባለሙያ ስለ ሶላት መጠየቅን ከታሪክ መውሰድ ሥራው ቢቆጥረው አይጎዳም።

መጀመሪያ የተሠራው የእርግዝና ምርመራ ነው። "እኔ? አቦ ተዪኝ!" ብላ ስቃለች፤ ሲስተሯም አብራት። ነገር ግን የወር አበባ አለመምጣት እንቁላል አለመውጣት አይደለም። ታሞክሲፌንም ሌትሮዞልም ኦቫሪ ሊቀሰቅሱ ይችላሉ፣ ሁለቱም ጽንስን ሊጎዱ ይችላሉ፣ ባለቤቷም "ጨረሰች" ተብሎ ስለተነገረው ምንም መከላከያ አይጠቀምም ነበር። ውጤቱ ነጋቲቭ ሆነ። ሄሞግሎቢኗ 10.1 ስለነበር የብረት እንክብል ተጀመረ። በዚያው ቀን ሌትሮዞሉ ቆመ፤ ለኢስትራዲዮል ደም ተወሰደ። ከአራት ቀን በኋላ የመጣው ውጤት 164 ፒኮ ግራም በሚሊ ሊትር ነበር። ያረጠች ሴት፣ ያውም ሌትሮዞል ላይ ያለች፣ ከጥቂት ፒኮ ግራም አታልፍም። ስለዚህ "አርጣለች" የሚለው ነገር እዚያው ላይ አበቃ።

ቀጥሎ ምርመራው ነው። በልጅነቷ የተገረዘች ስለሆነች የብልቷ መግቢያ ላይ ጠባሳ አለ፣ ጠባብም ነው። በዚህ አካባቢ ይህ ብርቅ አይደለም። መካከለኛ ስፔኩለም (ብልትን ከፍቶ ማያ መሣሪያ) ቢገባ ጠባሳው ይሰነጠቅና የሚታየው ደም ከየት እንደመጣ ግራ ያጋባል። ጠባቡ ስፔኩለም፣ ለብ ያለ ውሃ፣ ቀስ ብሎ ማስገባት፤ ከዚህ የተለየ ጥበብ አይጠይቅም። ደሙ ከማህፀን በር ውስጥ እንደሚወጣ፣ የማህፀን በሩ ራሱ ጤነኛ እንደሚመስል ታየ።

አሁን ወደ 16 ሚሊ ሜትሩ እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚደናገጠው እዚህ ላይ ነው። ታሞክሲፌን ጡት ላይ ኢስትሮጅንን ይከለክላል፣ ማህፀን ላይ ግን ራሱ እንደ ደካማ ኢስትሮጅን ይሠራል። ከሽፋኑ ሥር ያለው ሥጋ ያብጣል፣ ውሃ የቋጠሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይፈጠሩበታል፤ አልትራሳውንዱ ይህን ሁሉ ደምሮ "ወፍራም ሽፋን" ብሎ ይለካዋል። ማንበቢያው ላይ ወንፊት ይመስላል። ላረጡና ደም ላዩ ሴቶች የሚጠቀሙበት የ4 ሚሊ ሜትር ገደብ ታሞክሲፌን ለምትወስድ ሴት አይሠራም። ስለዚህ ነው ደም የሌላትን ሴት በየስድስት ወሩ አልትራሳውንድ ማንሳት የማይመከረው፦ የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ ውፍረት ነው፣ ውፍረቱ ናሙና ያስወስዳል፣ ናሙናው ደግሞ ምንም አያሳይም፤ በመሀሉ ሴትዮዋ ገንዘቧንና እንቅልፏን ትከፍላለች፣ አንዳንዷም ፈርታ ክኒኑን ታቆማለች። ምርመራ የሚጠራው ደም ነው። ጠብታም ቢሆን፣ ቡናማ ፈሳሽም ቢሆን።

አደጋው የለም ማለት አይደለም። ታሞክሲፌንን ከባዶ ክኒን ጋር ባነጻጸረ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት የማህፀን ሽፋን ካንሰር ታሞክሲፌን በሚወስዱት ላይ በዓመት ከ1,000 ሴቶች በ1.6፣ በማይወስዱት ላይ በ0.2 ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው አትላስ የተባለ ጥናት ደግሞ አምስት ዓመት ወስደው ያቆሙትን እስከ አሥር ዓመት ከቀጠሉት ጋር ሲያነጻጽር፣ ከ5ኛው እስከ 14ኛው ዓመት ባለው ጊዜ ካንሰሩ የያዛቸው 1.6 እና 3.1 ከመቶ ናቸው። ጭማሪው የሚታየው በዋናነት ያረጡ ሴቶች ላይ ነው። ከማረጥ በፊት ላሉት ይህን ያህል ጭማሪ አልታየም። ከዚህ አንጻር የ46 ዓመቷ ታካሚ አደጋ ትንሽ ነው፤ ደም ስላየች ግን ናሙና መውሰድ ግድ ነው።

ለዚህ የሚሠራ ቀጭን የናሙና ቱቦ በየቦታው አይገኝም። ለውርጃ ሕክምና የሚውለው በእጅ የሚሠራው መምጠጫ ግን ጤና ጣቢያም አይጠፋም፤ በ4 ሚሊ ሜትር ቱቦ ሥራውን በደንብ ይሠራል። አካሄዱ እንዲህ ነበር። ከአንድ ሰዓት በፊት አይቡፕሮፌን 400 ሚሊ ግራም። ፊኛ ባዶ። በእጅ ምርመራ የማህፀኑ መጠንና አቅጣጫ መታወቅ አለበት፤ ወደ ኋላ የተጣጠፈ ማህፀን ላይ ቱቦውን ወደ ፊት የሚገፋ ሰው ግድግዳውን ይበሳዋል። የማህፀን በሩ ተጠርጎ ተያዘ፣ ጥልቀቱ 8 ሴንቲ ሜትር ተለካ፣ ቱቦው ገብቶ 60 ሚሊ ሊትሩ ስሪንጅ ተከፈተ፣ ዙሪያውን እየዞረ ከታች ወደ ላይ ለአንድ ደቂቃ ያህል ተመጠጠ። የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ቁራጭ ሥጋ ወጣ።

ናሙና በእኛ አካባቢ የሚበላሸው በአብዛኛው ከዚህ በኋላ ነው። ጨው ባለው የጉሉኮስ ውሃ ውስጥ አድርገው የሚልኩ አሉ፤ ድሬ ሙቀት ላይ እስከ ማታ ይበሰብሳል። ፎርማሊኑን ሳይበርዙ የሚያፈሱም አሉ። ከጠርሙሱ የሚመጣው ፎርማሊን 1 እጅ በ9 እጅ ውሃ ተበርዞ 10 ከመቶ መሆን አለበት፤ መጠኑም ከሥጋው ቢያንስ አሥር እጥፍ። ስሙ የሚጻፈው ክዳኑ ላይ ሳይሆን ዕቃው ላይ ነው፤ ክዳኖች ጠረጴዛ ላይ ይቀያየራሉ። የማዘዣ ወረቀቱ "ደም መፍሰስ" ብቻ ካለ ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የሚያየው ፓቶሎጂስት በጭፍን ነው የሚያነበው። የእሷ ወረቀት ላይ የተጻፈው፦ 46 ዓመት፣ ኬሞ ከወሰደች በኋላ 22 ወር ያለ ደም፣ ታሞክሲፌን 20 ሚሊ ግራም ለ16 ወር፣ ሌትሮዞል ለ10 ሳምንት፣ ሽፋኑ 16 ሚሊ ሜትር ከነቀዳዳው።

ውጤቱ በሁለት ሳምንት መጣ፦ የፖሊፕ (ከሽፋኑ የሚበቅል ተንጠልጣይ ሥጋ) ቁርጥራጭ፣ የካንሰርም የቅድመ ካንሰርም ምልክት የለም። እዚህ ላይ መዝጋት ያጓጓል። ነገር ግን በጭፍን የሚመጠጥ ናሙና ፖሊፕን ከሥሩ አያመጣም፣ የቀረው ክፍል ምን እንደያዘም አይነግርም። ስለዚህ ደሙ ሲቀንስ 10 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ጨዋማ ውሃ በቀጭን ቱቦ ወደ ማህፀን ገብቶ አልትራሳውንዱ ተደገመ። ውሃው ግድግዳዎቹን ሲለያያቸው፣ ሽፋን ተብሎ የተለካው 16 ሚሊ ሜትር ግማሽ ያህሉ ከላይ የተንጠለጠለ፣ ርዝመቱ 18 ሚሊ ሜትር የሆነ ፖሊፕ ሆኖ ተገኘ። የታሞክሲፌን የቆየ ሥራ ነው፤ ሌትሮዞሉ ያስነሳው ኢስትሮጅን ደግሞ አደማው። ከረጢቱ ሌትሮዞሉ በቆመ በ7ኛው ሳምንት ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ወርዶ ተገኘ፤ ግድግዳው ቀጭን፣ ውስጡ ንጹሕ ነበር። እስከዚያው የተነገራት በድንገት የሚቆርጥ የጎን ሕመም ከማስመለስ ጋር ከመጣ በሌሊትም ቢሆን እንድትመጣ ነው፤ ያ ከረጢቱ ኦቫሪውን ይዞ ሲጠመዘዝ ነውና።

በፌስታሉ ውስጥ ወደነበሩት ምክሮች እንመለስ። ደፖ ፕሮጄስትሮን መሰል ሆርሞን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የወሊድ መከላከያ መመዘኛ በአሁኑ ጊዜ የጡት ካንሰር ላለባት ሴት መርፌውንም፣ ክንድ ላይ የሚቀበረውንም፣ ክኒኑንም፣ ሆርሞን ያለውን ሉፕም አራተኛ ምድብ ውስጥ ያስቀምጣቸዋል፤ አይሰጥም ማለት ነው። የሚፈቀደው ሆርሞን የሌለው የመዳብ ሉፕ ወይም ኮንዶም ነው። ደም ለማቆም በብዛት የሚታዘዘው ትራኔክሳሚክ አሲድም ከታሞክሲፌን ጋር ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ታሞክሲፌን በራሱ የእግር ደም ሥር መርጋትን ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይጨምራል። ማህፀን ማውጣትን በተመለከተ፣ ናሙና ሳይታይ በአልትራሳውንድ ውፍረት ብቻ ማህፀን አይወጣም። ይህን ያዘዘው ሰው ክፉ አስቦ አይደለም፤ 16 የሚለውን ቁጥር ፈርቶ ነው።

ሌላም ነገር ነበር፣ ከደሙ በፊት የተጀመረ። ታሞክሲፌን በጀመረች በሦስተኛው ወር ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ያስቸግራት ጀመር። በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ሜትሮኒዳዞልና ዶክሲሳይክሊን፣ ሁለት ጊዜ በብልት የሚገባ የክሎትሪማዞል እንክብል ወስዳለች። ፈሳሹ ሽታም ማሳከክም አልነበረውም፤ አንድም ጊዜ በማይክሮስኮፕ አልታየም። ታሞክሲፌን እንዲህ ያለ ፈሳሽ በብዙ ሴቶች ላይ ያመጣል፣ መድኃኒትም አይፈልግም። ለመለየት የሚያስፈልገው የአሲድነት ወረቀትና አንድ ስላይድ ነው፦ ከ4.5 ያልበለጠ፣ ሽታ የሌለው፣ ስላይዱ ላይ ፈንገስም ትሪኮሞናስም ያልታየበት ከሆነ የመድኃኒቱ ነው። የሴትዮዋ ባል ግን በየዙሩ አብሮ እንዲታከም እየታዘዘለት "ከየት አመጣሽው?" ማለት ጀምሮ ነበር። አላስፈላጊ አንቲባዮቲክ እዚህም ድረስ ይሄዳል።

ሙቀቱም አለ። በቀን ስምንት አሥር ጊዜ ከደረቷ የሚነሳ እሳት ፊቷን ያቀላውና ላብ ያጠምቃታል፤ ሌሊት ድሪያዋን ሁለቴ ትቀይራለች። ለማንም አልተናገረችም። "ድሬ ላይ ማን የማያልበው አለ?" ነው ያለችው። መለያው ቀላል ነው፦ የአየሩ ሙቀት ጥላ ሥር ሲገቡ ይለቃል፣ የሆርሞኑ ሐረር ዘመድ ጥየቃ የደንገጎን ዳገት ወጥታ በብርዱም ይከተላታል። ተከትሏታል። አንድ የግል ክሊኒክ ለእንቅልፍ ማጣቷ ፍሎክሲቲን 20 ሚሊ ግራም ሰጥቷት ታሞክሲፌን በምትወስድበት ጊዜ ለአምስት ወር ያህል አብራ ወስዳዋለች። ታሞክሲፌን ሥራ የሚሠራው በጉበት ውስጥ ሲፕ-2ዲ6 የተባለ ኢንዛይም ወደ ኤንዶክሲፌን ሲለውጠው ነው፤ ፍሎክሲቲንና ፓሮክሲቲን ይህንን ኢንዛይም በኃይል ይዘጉታል። ሙቀቱን ለማብረድ ከተፈለገ ቬንላፋክሲን ከ37.5 ሚሊ ግራም ጀምሮ፣ ወይም ማታ ጋባፔንቲን 300 ሚሊ ግራም ይሻላል። ለእሷ ጋባፔንቲኑ ተመረጠ፤ ድሬ ፋርማሲዎች ውስጥ ስለሚገኝ፣ ለእንቅልፉም ስለሚረዳ።

ጫትስ? ተጠየቀች፤ በሳምንት ሦስት ከሰዓት ከጎረቤቶቿ ጋር ትቅማለች። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ በኢትዮጵያውያን ጤነኛ ፈቃደኞች ላይ የተሠራ ጥናት ጫት ይህንኑ ሲፕ-2ዲ6 እንደሚያዳክም አሳይቷል። ጥናቱ በካንሰር ታካሚ ላይ አይደለም፣ ጫት ካንሰርን መለሰ ማለትም አይደለም። ግን እንቅልፍ ለሚያሳጣትና ሙቀት ለሚያስነሳባት ሴት በቂ ምክንያት ነው። የአወዳዩን ጫት በአንዴ ተዪ ማለት ድሬ ላይ ከንቱ ምክር ስለሆነ ወደ አንድ ቀን ዝቅ እንድታደርገው ተስማማች።

ዋናው ውሳኔ ከዚህ በኋላ መጣ። መንገዱ ሁለት ነበር። አንዱ ታሞክሲፌንን መልሶ ጀምሮ፣ ፖሊፑን አውጥቶ፣ የመዳብ ሉፕ አስገብቶ መቀጠል። ሌላው ኦቫሪውን ጸጥ አድርጎ ሌትሮዞልን በትክክለኛ ቦታው መጠቀም። ኦቫሪን በመርፌ ለማስተኛት ጎሴሬሊን 3.6 ሚሊ ግራም በየ28 ቀኑ ያስፈልጋል፤ አንድ መርፌ ዘገየ ማለት ኦቫሪው ነቃ ማለት ነው፣ እሷ ደግሞ ታሞክሲፌን እንኳ ያጣች ሴት ናት። ንፍፊት ላይ የደረሰ ካንሰር፣ ከኬሞ በኋላ የነቃ ኦቫሪ፣ አራት ልጅ፣ "ሌላ አልፈልግም" የሚል ቁርጥ መልስ፤ እነዚህ ተደምረው ሚዛኑን ወደ ሁለተኛው አጋደሉት። የካንሰር ሐኪሟ፣ የማህፀን ሐኪሙና ባለቤቷ ባሉበት ሁለቱንም ኦቫሪና የማህፀን ቱቦ ለማውጣት ተወሰነ። ከ50 ዓመት በፊት ኦቫሪ ማውጣት አጥንትን እንደሚያሳሳና ሙቀቱን እንደሚያብስ አስቀድሞ ተነግሯታል።

ታሞክሲፌኑ በመጠበቂያው ጊዜ ከአዲስ አበባ ተልኮላት ተጀመረ፤ ቀዶ ጥገናው ሦስት ሳምንት ሲቀረው በደም መርጋት ስጋት ቆመ። ሥራው የተሠራው አዲስ አበባ ነው፦ በአንድ ማደንዘዣ ፖሊፑ በካሜራ እየታየ ከሥሩ ወጣ፣ ኦቫሪዎቹም በትናንሽ ቀዳዳ ወጡ። የፖሊፑ ሙሉ ምርመራ ንጹሕ ነው። ወደ ድሬ ስትመለስ በአውቶብስ ከሆነ በየሁለት ሰዓቱ ወርዳ እንድትራመድ፣ ውሃ እንድትጠጣ፣ አንድ እግሯ ብቻ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠራት እንዳትዘገይ ተነገራት። ከአራት ሳምንት በኋላ ኢስትራዲዮሏ ወርዶ ሲገኝ ሌትሮዞል ተጀመረ። ያው እንክብል ነው፤ በመጀመሪያው ጊዜ ጎጂ የነበረው አሁን ትክክለኛው ሆነ።

ሌትሮዞል እንደገና በጀመረች በአምስተኛው ወር አዲስ ቅሬታ ይዛ መጣች፤ ይህኛውን ለመናገር ከደሙ የበለጠ ተቸግራለች። ሴት ነርስ ብቻዋን ስታናግራት ነው የወጣው። ግንኙነት ሲያደርጉ እንደ ምላጭ ይቆርጣታል፣ በማግስቱ ሽንቷ ያቃጥላታል። ለ"ሽንት ኢንፌክሽን" ሲፕሮፍሎክሳሲን ሁለት ጊዜ ወስዳለች። የሽንት ካልቸር ባክቴሪያ አላበቀለም። ሲታይ ሽፋኑ ገርጥቷል፣ ሳስቷል፣ የግርዛቱ ጠባሳ ላይ ሁለት ቀጫጭን ስንጥቆች አሉ። ሌትሮዞል ኢስትሮጅንን እስከ ታች ስለሚያወርድ እርጥበቱና መለጠጡ ይጠፋል፤ ጠባሳ ደግሞ ከመጀመሪያውም የማይለጠጥ ስለሆነ ቀድሞ የሚሰነጠቀው እሱ ነው። ታሞክሲፌን ፈሳሽ ያበዛል፣ ሌትሮዞል ያደርቃል፤ ሴትዮዋ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለቱንም አይታለች።

መጀመሪያ የተደረገው ማስቆም ነው። ለፈሳሹ ዘመን የለመደችው በሳሙና ውስጥ ድረስ መታጠብ ቆመ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ "ያጠናክራል" ተብላ የጀመረችው ጭስ መሞቅም ቆመ፤ የሳሳ ቆዳን የበለጠ ያደርቀዋል፣ ያቃጥለዋልም። ከአልትራሳውንድ ክፍል በሰው በኩል ያገኘችው ጄል ተጣለ፤ ለውጭ ቆዳ የተሠራ ነው፣ ለዚህ አይሆንም። በምትኩ ውሃ ላይ የተመሠረተ ማለስለሻ ጄል በግንኙነት ጊዜ፣ ለብልት የተዘጋጀ እርጥበት ሰጪ ደግሞ ግንኙነት ኖረም አልኖረም በሳምንት ሦስት ሌሊት። የመጨረሻዋ ነጥብ ብዙ ጊዜ የምትዘለል ናት፦ ማለስለሻ ለዚያች ሰዓት ነው፣ እርጥበት ሰጪው ግን የሚሠራው ሲደጋገም ነው፤ "ሞከርኩት አልሠራም" የሚሉት አብዛኞቹ አንዴ ቀብተው የተዉ ናቸው። ዘይትና ቫዝሊን ኮንዶምን ይቀድዳሉ፤ ለእሷ ኮንዶም ስለማያስፈልግ ንጹሕ የኮኮናት ዘይት ጄሉ ሲያልቅ እንድትጠቀም ተፈቀደ።

የመግቢያው ሕመም በዚህ ብቻ ስላልተወ 4 ከመቶ የሆነ ሊዶካይን ፈሳሽ በጥጥ ተነክሮ ከግንኙነት በፊት ለሦስት ደቂቃ መግቢያው ላይ እንዲያዝ ተደረገ፤ በጡት ካንሰር ታካሚዎች ላይ ተሞክሮ ሕመሙን የቀነሰ ዘዴ ነው። ስንጥቁ እስኪድን ለአራት ሳምንት ግንኙነት እንዲቀር ለባለቤቷም በቀጥታ ተነገረው። እሱ ሲሰማ ያለው "ታዲያ ይሄን ማን ነገረን?" ነው። ፍትሐዊ ጥያቄ ነው፤ ሌትሮዞሉ ሲጻፍ ስለ አጥንት ተነግሯቸዋል፣ ስለዚህ ግን ማንም አልተነፈሰም።

የኢስትሮጅን ቅባት በፋርማሲ ያለ ማዘዣ ቀርቦላት ነበር። አልተፈቀደም። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ የዴንማርክ ጥናት በብልት የሚቀባ ኢስትሮጅን ከሌትሮዞል መሰል መድኃኒቶች ጋር በወሰዱት ላይ የካንሰር መመለስ ከፍ ብሎ አግኝቷል፤ ታሞክሲፌን ላይ ባሉት ግን ይህ አልታየም። ስለዚህ ሌላው ሁሉ ቢከሽፍ እንኳ መጀመሪያ የሚቀየረው የጡቱ መድኃኒት ነው፣ ያውም በካንሰር ሐኪሟ።

ይህ ሕክምና በተጀመረ በሦስተኛው ወር ክትትል ስንጥቆቹ ድነዋል፣ የሽንቱ ማቃጠል ጠፍቷል፣ ሊዶካይኑን ከሁለት ጊዜ አንዴ ነው የምትጠቀመው። ሙቀቱ አለ፣ በቀን ወደ አራት ወርዷል። ካርዷ ፊት ላይ በቀይ እስክሪብቶ "ኢስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን ያለበት ምንም ነገር አይሰጥም፤ መድኃኒት ቢጠፋ በሌላ አይተካም፣ ይደወል" ተብሎ ተጽፏል። ኦቫሪ ስለሌላት ከአሁን በኋላ የሚመጣ ደም ወር አበባ ሊሆን አይችልም፤ አንድ ጠብታም ብትሆን በዚያው ሳምንት ለናሙና እንድትመጣ ተነግሯታል። የቀን መቁጠሪያዋን አሁንም ትይዛለች። እስካሁን ባዶ ነው።